ጋሽ ፍሬቻና አሮጌው ላፕቶፕ

የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ሾፌር በስሙ የሚጠራው ደመወዝ ሲፈርም ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ለአለቃውም፣ ለመካኒኩም፣ ለልጆቹም ጋሽ ፍሬቻ ነው። ባዶ ግቢ ውስጥ እንኳ ፍሬቻ ሳያሳይ አይታጠፍም። አንዴ መካኒኩ ማን እንዲያይልህ ነው፣ ድመቷ ናት ወይ ብሎ ቢያሾፍበት፣ «ድመቷስ ነፍስ የላትም?» ብሎ መለሰለት፤ ስሙ የዚያን ዕለት ተለጠፈበት። ሚስቱ ደግሞ አልጋ ላይ ሲገላበጥም ፍሬቻ ያሳያል እያለች ጎረቤት ታስቅበታለች። ይሳቁ። ይህን ሁሉ ዘመን ልጅ ሲያመላልስ የአንድ ልጅ ጥፍር እንኳ አልተሰበረበትም፤ በዚህ ግን የሚስቅ የለም።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ አንድ ማለዳ ዳቦ ቤቱ ማዕዘን ላይ ላብ ያጠመቀው። እዚያ የምትሳፈር ሚጢጢ የሚሏት ልጅ አለች። ቤቷ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሁልጊዜ ታረፍዳለች፣ ሁልጊዜም ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ እየዘለለ ከግራ በኩል እየሮጠች ትሻገራለች። ጋሽ ፍሬቻ ይህን እንደ ገዛ ደጃፉ ያውቀዋል፤ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ግራውን ቃኝቶ፣ ቀስ ብሎ ነው ዳር የሚይዘው። ያን ቀንም ቃኘ። ግራው ባዶ ነበር። ዳር ሊይዝ ትንሽ ወደፊት ለቀቅ እንዳደረገው፣

«ጋሼ፣ ቁም!» አለች አጃቢዋ።

አጃቢዋ ልጆቹን የምታሳፍረውና የምታወርደው ሴት ናት፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። ፍሬኑን ረገጠው። ልጆቹ ወደፊት ተንጋጉ። ሚጢጢ ከመኪናው አፍንጫ ሥር፣ አንድ እጇን ለሰላምታ እንዳነሳች ቆማለች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ዞራ በበሩ ገባችና ጋሼ ዛሬ ሊበላኝ ነበር ብላ ልጆቹን አሳቀቻቸው። ጋሽ ፍሬቻ ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው አለ። አጃቢዋ እግዜር አተረፈን ብላ ነገሩን ዘጋችው። ሰማዩ ግን ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነበር፤ ይህን ከእሱ በቀር ያስተዋለ የለም።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሰው አልሆነም። ለሚስቱ አልነገራት። ነገሩን በሆዱ ይዞ ይበላል፣ በሆዱ ይዞ ይተኛል። ከመኪና ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ ቢሆንም የሚያስጨንቀው ሥራው አልነበረም። መሪ በጨበጠ ቁጥር ያቺ ከፍ ያለች ትንሽ እጅ ትመጣበታለች። ያን ጊዜ አጃቢዋ ባትኖርስ? ብትኖርም አንድ ቃል ብትዘገይስ? ይህን እያሰበ መዳፉ ይርሳል፤ መሪውን በመሐረብ መጥረግ ሁሉ ጀመረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ጋሽ ፍሬቻ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈራው።

የዓመቱ የጤና ምርመራ ደርሶ ሄደ። ወንበር ላይ ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ፊደሎች ከትልቁ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ደቃቅ ድረስ አነበነባቸው። መርማሪው ያንተ ዓይን የንስር ነው፣ ለእኔ በሰጠኸኝ ብሎ ማኅተሙን መታለት። ጋሽ ፍሬቻ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከቶ በደስታ ሲወጣ፣ በሩ ላይ ከግራ የመጣ ባለጋሪ ትከሻውን ገጨው። ሰውየው ወንድሜ፣ ይህን የሚያህል ጋሪ አይታይህም እንዴ ብሎት አለፈ። የጋሽ ፍሬቻ ደስታ እዚያው በሩ ላይ ቀረ።

መካኒኩን ዙሪያ ጥምጥም ጠየቀው። የራሱ ጉዳይ እንዳይመስል፣ አንድ የማውቀው ሰው ምላሹ ቀዝቀዝ ብሎበታል፣ ምን ይሻለዋል አለ። መካኒኩ የማያውቀው ነገር የለም፤ ያላወቀውንም ይናገረዋል። ጌም ይጫወት አለው። ጌም እጅና ዓይን ያፈጥናል፣ አውሮፕላን አብራሪዎች እንኳ መጀመሪያ የሚለማመዱት በእሱ ነው አለው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ጋሽ ፍሬቻ በማግስቱ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የሚሸጡበት ሱቅ በር ላይ ቆሞ ተገኘ።

ላፕቶፕ ሲገዛ ያየው ሰው በሳቅ ይሞታል። መኪና መግዛት ነው የሚያውቀው። አንዱን አሮጌ ላፕቶፕ አነሳና ገልብጦ ከሥሩ አየው። ባለሱቁ ዘይት አያፈስም ጋሼ አለው። ክዳኑን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረገና ማጠፊያው ላልቷል አለ። አስነስቶ ጆሮውን ለጠፈበትና ሞተሩ ይጮኻል አለ። ከዚያ በፊት ማን ይነዳው እንደነበር ጠየቀ። ባለሱቁ ሳቁን ውጦ፣ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ከቁጥር በቀር ምንም አልሠራችበትም አለው። ጋሽ ፍሬቻ ሴትዮዋ በደንብ እንደያዘችው ገመተ። ባለሱቁም፣

«ጋሼ፣ አርጅቷል እንጂ አልደከመም» አለው።

ይህን ሲሰማ ሆዱ ባባ። ሳይከራከር ገዛው፤ መከራከር ነፍሱ የሆነ ሰው።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎኑን አጋምሶ ተቀምጧል። ላፕቶፑን ይዞ ሲገባ መኪናዋን አቁማ አየችው። ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። ጌም ልጫወትበት ነው አላት። ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ እሺ፣ ከዚህ በኋላ ደግሞ ብስክሌት ግዢልኝ በለኝ አለችው። እሱም ሳቀላት። እውነቱን ግን አልነገራትም።

መጀመሪያ የጫነበት ምን ይመስላችኋል? የመኪና እሽቅድምድም ነዋ! ከባለሱቁ ለምኖ አስጫነው። ቤት ወስዶ ሲያስነሳው መንገዱ እየተቆራረጠ ይመጣል፣ መኪናው አንዴ ይቆማል፣ አንዴ አጥር ዘልሎ ሜዳ ውስጥ ይገኛል፤ ላፕቶፑ ደግሞ እየጋለ ያጓራል። ጋሽ ፍሬቻ ያን ሁሉ ግጭት አይቶ በላብ ተነከረ። ባለሱቁ በማግስቱ ሲሰማ፣ ጋሼ ይሄ ሽማግሌ ነው፣ ዳገት አታስወጣው ብሎ ቀለል ያሉ ጌሞች ገለበጠለት። አንዱ የካርታ ጨዋታ ነበር። ሌላው ከላይ ፍራፍሬ የሚዘንብበት ሆኖ፣ ከታች ያለውን ቅርጫት በማውስ ወዲያ ወዲህ እየነዱ መቅለብ ነው። ጥቂት ካመለጠ ጨዋታው ያልቃል።

ላፕቶፑን ግን እንዳለ አልተቀበለውም። ጠዋት ጠዋት ሰርቪሱን እንደሚያደርገው፣ አስነስቶ ሞተሩ እስኪሞቅ ሳይነካው ይጠብቃል። ከሥሩ አየር እንዲገባ ሁለት የእንጨት ቁራጭ አስደገፈው። የስፌት መኪናዋን ትንሽ መፍቻ ሰርቆ ሆዱን ከፈተውና፣ የድመት ጠጉር የሚመስል አቧራ ከማራገቢያው ላይ በሚስቱ ብሩሽ ጠራረገ። መልሶ ሲያስነሳው ጩኸቱ ረገብ አለ። ሚስቱን ጠርቶ ስሚው፣ ስሚው አላት። ጆሮዋን አስጠግታ፣ ኧረ ሕፃን መስሏል አለችው። የማያስፈልገውን ከውስጡ አወጣ፣ የምስሉን ጥራት ዝቅ አደረገ፣ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ አደረገ፤ አሮጌው ነገር እያደር ቀና አለለት። እነዚያን ቀናት ጭንቀቱን የረሳ ሁሉ መሰለው። ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ግን መዳፉ ይርሳል።

ችግሩ ጨዋታው ላይ ነበር። ላፕቶፑ ተሻለው፣ እሱ ግን አልተሻለውም። ገና ሳይጀምር ያልቅበታል። መጀመሪያ ማውሱን ወቀሰ፣ ሌላ ለወጠ። ከዚያ ጠረጴዛውን ወቀሰ። ከዚያ ወንበሩን። አንድ ምሽት ሚስቱ ክር እየቀጠለች ከትከሻው በላይ ጨዋታውን ታይ ነበርና፣ ግራ፣ ግራ በኩል እያለች ትጮህበት ጀመር። እያየኸው ለምን ትተወዋለህ አለችው። የቱን ብሎ ጠየቀ። ብርቱካኑን ነዋ፣ አፍንጫህ ሥር ሲወርድ አለችው። ጋሽ ፍሬቻ ብርቱካን አላየም። ያላየውን አየሁ ካለ ዓይኑን ግንባር ያድርገው። ስክሪኑ አርጅቶ ነው ብሎ ክዳኑን ዘጋው።

በነጋታው ባለሱቁ ዘንድ ሮጠ። ባለሱቁ አሮጌ ስክሪን ጠባዩ ነው፣ ከጎን ላለ ሰው የሚያሳየውን ፊት ለፊት ላለው የሚያደበዝዝበት ጊዜ አለ፣ ሰኞ አምጣውና እንቀይርልሃለን አለው። እፎይ! ጋሽ ፍሬቻ ያን ቀን እያፏጨ ነዳ። ስክሪኑ ነው። ስክሪኑ ከሆነ ደግሞ ያ ሁሉ ጭንቀት ባዶ ነው፣ ያን ቀንም በእርግጥ ፀሐይ ነበረች። እንዲህ ብሎ ራሱን እያባበለ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ግን አንገቱን እስከ ትከሻው አዞረና፣ ለአጃቢዋ እስቲ ግራውን አንቺም እይልኝ አላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

እሑድ ከሰዓት ሚስቱ የትራስ ልብስ ላይ ቁልፍ ትተክላለች፣ እሱ ላፕቶፑን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ያየዋል። አንድ ነገር ከነከነው። ዕድሜውን ሙሉ የሚጠላው ሾፌር የተበላሸውን ሳይለይ ዕቃ የሚቀይረውን ነው። ሰነፍ ይለዋል። መኪና ወደ ግራ ሲጎትትህ ወዲያው ጎማ አትገዛም፤ የግራውን የፊት ጎማ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ታቀያይራለህ። መጎተቱ ከጎማው ጋር ወደ ቀኝ ከዞረ ጥፋተኛው ጎማው ነው። እዚያው ግራ ከቀረ ግን ጎማው ምን በወጣው፣ በሽታው ያለው መኪናው ላይ ነው። ይህን ለስንቱ ጀማሪ አስተምሯል። እንግዲህ ስክሪን ግራና ቀኙ እንዴት ይቀያየራል?

ገለበጠዋ! ጨዋታውን ከፍቶ ላፕቶፑን በአናቱ አቆመው፤ ፊደል የሚመታበት ወገን ወደ ላይ ሆኖ ግድግዳውን ተደገፈ። ቅርጫቱ ከላይ፣ ፍራፍሬው ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሆነ። ማውሱም በተቃራኒው ስለሚሄድ እሱንም ጅራቱን ወደ ራሱ አዞረው። አሁን የስክሪኑ ግራ በቀኙ ነው። ስክሪኑ ከታመመ የሚያመልጠው በቀኙ በኩል መሆን አለበት። ሚስቱ ይህን አይታ፣ አንተ ሰውዬ ጤና የለህም አለችው። ነይ ተቀመጪና አግዢኝ አላት። ሁለት ብርጭቆ አቀረበ፣ በግራዬ በኩል ያመለጠኝን በግራው፣ በቀኜ በኩል ያመለጠኝን በቀኙ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቁልፍ ጣይ አላት። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። እሷም ሥራ ሰለችቷት ነበርና እየሳቀች ቁልፎቿን ይዛ ጎኑ ተቀመጠች።

ጀመረ። ዓይኑን ቅርጫቱ ላይ ተከለ። የቁልፍ ድምፅ ይሰማዋል፤ ቀጭ። ትንሽ ቆይቶ ቀጭ። የትኛው ብርጭቆ ውስጥ እንደሆነ አያይም፣ ላለማየትም አንገቱን ደረቅ አድርጓል። ጨዋታው ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። በሆዱ ቀኝ አድርገው፣ እባክህ ቀኝ አድርገው እያለ ይለምናል። ሚስቱ በመጨረሻ፣ በቃ፣ የምተክለውም ቁልፍ አለቀ አለችና ሳቀች።

«ግራው ሞላ» አለችው። «ቀኙ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።»

ጋሽ ፍሬቻ ሁለቱን ብርጭቆዎች አየ። ማውሱን ለቀቀ።

«ጎማው አይደለም» አለ።

የምን ጎማ ነው አለችው። ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። አፍንጫዬን ዝም ብለሽ እይ፣ እኔም ያንቺን አያለሁ፣ እጅሽን በግራዬ በኩል አንሺና ጣትሽን አወዛውዢ አላት። አነሳች። ለምን አታነሺም አላት። አሁን እኮ እያወዛወዝኩ ነው አለችው፣ ድምጿም ተለወጠ። አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ፣ ቀጥሎም ሌላውን፤ ያው ነው፣ በየትኛውም ዓይኑ ግራው ባዶ ነው። እጇ ከፊቱ ስንዝር አይርቅም ነበር። ያን ጊዜ ሁሉን ነገራት፤ ሚጢጢን፣ ደመናውን፣ ባለጋሪውን፣ ላፕቶፑን ለምን እንደገዛው። ሚስቱ አፏን በመጋረጃው ጨርቅ ይዛ አለቀሰች። ይህን ሁሉ ብቻህን ይዘህ ብላ ተቆጣችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ይህን ለልጆቻችን ስትነግራቸው አልነበረም ወይ አለችው።

ከዚያ ግን ዕንባዋን ጠረገችና ሌላ ነገር አሰበች፤ አልፈርድባትም። ሐኪም አይቶህ ማኅተም መትቶልሃል፣ ጡረታህ ደጅ ላይ ነው፣ አንገትህን በደንብ እያዞርክ ትንሽ ብትታገሥስ፣ ማን ያውቃል አለችው። ጋሽ ፍሬቻ ላፕቶፑን አቅንቶ ክዳኑን ዘጋው። እሱስ ይህን ሳያስበው ቀርቶ ነው? ወረቀቱ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ከእሱና ከዚህች ሴት በቀር፣ ከአሮጌው ላፕቶፕም በቀር፣ በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም።

«ማንም አያውቅም» አላት ኋላ። «ሚጢጢን የሚገጫት ግን ማንም አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሰኞ ላፕቶፑን ባለሱቁ ዘንድ አልወሰደውም። በጠዋት ግቢ ደርሶ ስምሪት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ የመኪናውን ቁልፍ አስቀመጠ። ኃላፊው የልጅነት ባልደረባው ነው፣ አብረው ነው ከረዳትነት የተነሡት። ቀልድ መስሎት ቁልፉን ወደ እሱ ገፋው። ጋሽ ፍሬቻ መልሶ ገፋው። በግራዬ በኩል ያለው አይታየኝም አለው። ኃላፊው ግራ ገባው፤ የምርመራህ ግልባጭ ደርሶኛል፣ ሐኪሙ ዓይኑ ደህና ነው ብሎ ጽፎልህ የለም ወይ አለ።

«ሐኪሙ ያሳየኝ ፊት ለፊት ያለውን ነው» አለ ጋሽ ፍሬቻ። «ልጆች ግን የሚመጡት ከጎን ነው።»

ኃላፊው ከወንበሩ ተነሣ። ከሰዓት ትልቁ ሆስፒታል አብሬህ እሄዳለሁ አለው። ለዛሬ ግን መንገዱን የሚያውቅ ሌላ ሾፌር አልነበረምና፣ አንዱን ወጣት ሾፌር መሪው ላይ አስቀምጠው ጋሽ ፍሬቻ መንገድ እያሳየ እንዲሄድ ተስማሙ። በዚያ መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ሆኖ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። እግሩ ባዶውን ወለል ይረግጣል። ወጣቱ ከግቢ ሲወጣ ፍሬቻ አላሳየም። ጋሽ ፍሬቻ ጉሮሮውን ጠረገ። ወጣቱ ቶሎ ብሎ አሳየ፣ መካኒኩም በር ላይ ቆሞ ሳቀ።

እያንዳንዱን ማዕዘን አስረዳው። እዚህ ጋ ሽማግሌ ይሻገራሉ፣ እዚህ ጋ ውሃ ይቋጥራል፣ ይህ በር ሳይታሰብ ይከፈታል እያለ። ወደ ዳቦ ቤቱ ሲቃረቡ አንዲት ልጅ ከግራ እየሮጠች እንደምትመጣ፣ ሁልጊዜም እንደምታረፍድ አጥብቆ ነገረው። ራሱም ወንበሩን በሁለት እጁ ጨምቆ መንገዱን አፍጥጦ አየ። መንገዱ ባዶ ነበር። ዛሬ ቀርታለች ሊለው አፉን ሲከፍት፣ ወጣቱ ረጋ ብሎ ፍሬኑን ያዘ። መኪናው ቆመ።

ጋሽ ፍሬቻ ለምን እንደቆመ አልገባውም። አንገቱን ሲያዞር ሚጢጢን አያት። ከመኪናው ፊት እጇን አንስታ እያለፈች ነበር፤ ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ ይዘላል። በበሩ ገብታ መሪው ላይ ሌላ ሰው ስታይ ደንገጥ አለች፣ ወደ እሱም ዞራ ጋሼ ዛሬ ለምን አልነዳህም ብላ ጠየቀችው። አጃቢዋ ያን ማለዳ ቁም ያለችውን፣ ግራውን እይልኝ ያላትንም አስታውሳ ጋሽ ፍሬቻንና ሚጢጢን አየች፣ ከዚያም ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ጋሽ ፍሬቻ ሚጢጢን በቀኙ በኩል፣ በሚያያት በኩል አስቀመጣትና ቦርሳዋን ከጀርባዋ ላይ ተቀበላት። ስላረፈድሽ ነው አላት፤ ልጅቷም ሳቀች።